ደረሰኝ የሌለው መነጽር

ጥቅምት 9

ይድረስ ለችኩሌ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህስ? እኛ ደህና ነን። አባባ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ይበላሉ፣ ራዲዮ ይሰማሉ፣ እኔን ይቆጡኛል። ከስልክ ደብዳቤ ይሻለናል ያልከው ልክ ነው፤ ስልክ ላይ አንተ አታስጨርሰኝም፣ እኔ ጆሮህ ላይ እዘጋለሁ። ወረቀት ላይ ቢያንስ ሁለታችንም የጀመርነውን እንጨርሳለን።

ስለ አዲሱ ቦታ አንድም ሳታስቀሪ ስላልክ ልንገርህ። ከመደብሩ ዋና በር ገብተህ፣ ድስትና መጥበሻውን አልፈህ፣ ሳሙናው ከመጀመሩ በፊት ያለችው ጥግ የእኛ ናት። አልጋ ብትዘረጋባት መተላለፊያ አይተርፍም። መስኮት የላትም። በድሮው ሱቅ አባባ አንድ የመነጽር ፍሬም ለሰው ይሄድ እንደሆነ ለማየት ደንበኛውን እጁን ይዘው ወደ በሩ፣ ወደ ፀሐዩ ያወጡት ነበር፤ እዚህ ነጩ መብራት ሥር ሁሉም ሰው ከሆስፒታል የወጣ ይመስላል። ቁልፍም የለኝም። ጠዋት ዘበኛው እስኪከፍት ከዕቃ አውራጆቹ ጋር ግድግዳ ተደግፌ እጠብቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ደግሞ ሙዚቃ አለ፤ ያው ዘፈን ስንቴ እንደሚመላለስ ብትሰማ ታዝንልኝ ነበር።

ግን ሐቁን አልክድም፤ ሰው አለ። በድሮው ሱቅ ዝንብ ሳባርር የምውልበት ጊዜ እዚህ የለም። ግማሹ የፀሐይ መነጽር አድርጎ መስታወት ፊት ከተሽከረከረ በኋላ «እመለሳለሁ» ብሎ የሚሄድ ነው፤ ግማሹ ግን እውነተኛ ደንበኛ ነው። የመነጽር መስታወት መሞረጃው ማሽን እረፍት የለውም። ለዚህ አመሰግንሃለሁ።

አባባ ባለፈው ሳምንት ሊያዩ መጥተው ነበር። ዞር ዞር ብለው ቃኙና «ሱቁ የታል?» አሉኝ። «ይኸው» አልኳቸው። «ይሄማ ጠረጴዛ ነው» አሉ። ከዚያ መሞረጃውን በእጃቸው ዳበስ አድርገው ሄዱ። የድሮውን ሱቅ የተከራየው ስልክ ሻጭ ግድግዳውን ሰማያዊ ቀብቶታል። አባባ አሁን በዚያ መንገድ አያልፉም፤ ጉልበታቸውን እያመማቸውም ዞረው ነው የሚሄዱት።

እህትህ


ጥቅምት 27

ውድ እትዬ፣

ደብዳቤሽን እየሳቅኩ አነበብኩት። ባለቤቴም አንብባው «እህትህ ምላሷ ምላጭ ነው» ብላለች፤ ሰላም በይልኝም ብላለች። እመጣለሁ ብዬ ስላልመጣሁ ይቅር በይኝ። እኔ የምሠራበት መደብር አዲስ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው፣ ወለሉን ለተከራይ የማከፋፍለው ደግሞ እኔ ነኝ፤ አበባ ሻጩ የት ይሁን፣ ጫማ አዳሹ የት ይሁን፣ መድኃኒት ቤቱ የት ይሁን ስል እውላለሁ።

አባባ ቅር እንዳላቸው ገብቶኛል። እስቲ አንቺ አስረጃቸው። ሰው መነጽር ልግዛ ብሎ ከቤቱ የሚወጣው በስንት ዘመን አንዴ ነው? ሳሙና ልግዛ ብሎ ግን ሁልጊዜ ይወጣል። አንቺ ሳሙናው አጠገብ ከተገኘሽ ዓይኑ እንደደከመ ያኔ ትዝ ይለዋል። መደብሩም የማያውቀውን ሙያ ልሞክር ከሚል ለባለሙያ ያከራያል፤ ኪራይ ያገኛል፣ ደንበኛውም እዚያው ይቆይለታል። በየመንገዱ ዳር ለብቻው የቀረ ሱቅ ሲዘጋ በዓይኔ እያየሁ ነው፣ እትዬ። አንቺን እዚያ ያስገባሁሽ እንዳትዘጊ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። የመነጽር ብሎን በነጻ የማጥበቁን ነገር ተዪው። ሥራ አስኪያጃችሁ፣ ያ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ፣ ነግሮኛል። ከጠረጴዛሽ ላይ የሚነሣ ነገር ሁሉ በገንዘብ ተቀባይዋ በኩል ይለፍና ደረሰኝ ይኑረው። በር ላይ ያሉት ፈታሾች ሰው አያውቁም፣ የሚያውቁት ደረሰኝ ነው። ትንሽ ነገር ናት፤ ለእኔ ስትዪ አድርጊልኝ።

ወንድምሽ


ኅዳር 16

ወንድሜ፣

ሰላምታችሁ ደርሶናል። ባለቤትህን «ምላሷ ምላጭ የሆነው እኔን ስታሳድግ ነው» በላት።

ብሎኑን ተዪው ላልከኝ፣ አልተውም። አባባ የሠሩትን መነጽር ያደረገ ሰው ብሎን ሲላላበት አይከፍልም፤ መነጽሩ እስካለ፣ ሰውየውም እስካለ። ይሄ አንተ ሳትወለድ የነበረ ነው። ሰው ብሎን ሊያስጠብቅ ሲመጣ አይደል እንዴ አባባ እጀታው ጆሮውን እንደሚበላው፣ መስታወቱ እንደተጫረ፣ ዓይኑም እንደደከመ የሚያዩለት! እሺ ብዬ ደግሞ ሞክሬልሃለሁ። ገንዘብ ተቀባይዋን «ብሎን ማጥበቅ፣ ዜሮ ብለሽ ምቺልኝ» አልኳት። «ማሽኑ ዜሮ አይቀበልም» አለችኝ። ደግ ልጅ ናት፣ እሷም አፈረች። ስለዚህ አሁን ካቻቢቴዬን ይዤ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብዬ አጠብቃለሁ። ኮንትሮባንድ ነጋዴ ሆኜልሃለሁ።

ሌላም ጉድ አለ። ባለፈው ሰኞ ሥራ ስገባ ልክ ፊት ለፊቴ፣ ሳሙናው ጫፍ ላይ፣ የተዘጋጀ መነጽር በማንጠልጠያ ደርድረው ሰቅለዋል። አንስተህ ታደርጋለህ፣ ካየህበት ትገዛለህ፣ ግራና ቀኝ ዓይንህ ይለያይ አይለያይ የሚጠይቅህ የለም። ወደ ጓደኛህ፣ ወደ ፈገግተኛው፣ ሄጄ «ምንድነው ይሄ?» አልኩት። «እሱ እኮ መነጽር አይደለም፣ ማንበቢያ ነው» አለኝ፤ ጥርሱን እንደከፈተ። ሰው ሲያበሳጭህ ፈገግ የሚል ከሆነ ምን ትለዋለህ?

ደስ የሚል ነገርም አለ። አባባ መምጣት ጀምረዋል። መጀመሪያ ጨው የሚገዙ መስለው ከሩቅ ያዩኝ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሴት ጆሮዋ ጀርባ ቆስሎባት መጣች፤ እኔ ማሽኑን ሳልለቅ እሳቸው ከኋላዋ መጥተው መነጽሩን ተቀበሏት፣ እጀታውን ሞቅ አድርገው በአውራ ጣታቸው አጠፍ አደረጉላት። ሴትየዋ እጃቸውን ልትስም ምንም አልቀራት። ከዚያ ወዲህ በርጩማ አስቀምጬላቸው እየመጡ ይቀመጣሉ። ቤት ሲገቡ ያፏጫሉ! አባባ ሲያፏጩ መቼ ነው የሰማኸው?

ዛሬ ግን በርጩማውን አንሺ ተባልኩ። ፈገግተኛው በመተላለፊያው እያለፈ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው፣ በጣቱ አሳይቶ ለአንዱ ሠራተኛ አዘዘ። እባክህ አንድ ነገር በለው።

እህትህ


ታኅሣሥ 3

እትዬ፣

ንዴትሽ ከወረቀቱ ላይ ይጋረፋል። ስለ ተሰቀሉት መነጽሮች ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ። ውሉ ሐኪም ያዘዘውን መነጽር ከአንቺ በቀር ማንም አይሸጥም ይላል እንጂ ማንበቢያውን አያነሣም። ውሉን ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ አምልጦኛል። በየካቲት ሲታደስ እናስገባዋለን። እስከዚያ ከጓደኛዬ ጋር አትጋጪብኝ፤ ስሜን አስይዤ ነው ያስገባሁሽ። የድሮው ሱቅ በሰው እጅ ነው። ይህ ውል ካልታደሰ መሞረጃውን ይዘሽ የምትገቢበት እንደሌለ እያሰብሽ ቻይው።

የአባባን በርጩማ ነገር አንሥቼለታለሁ። ውሉ ውስጥ ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ሌላ ሰው ሲሠራ አንድ ነገር ቢደርስ ኢንሹራንሱ አይሸፍንም አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኛም ጋ እንዲሁ ነው። ተይ አባባን እንዲህ በያቸው፤ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ይምጡ። የሚያስፈልጋቸውን ይግዙ፣ አንቺንም አይተውሽ ይሂዱ። ደንበኛን ማን ይከለክላል?

ቅር አይበልሽ። ለአባባ አንድ መጽሐፍ ልኬላቸዋለሁ፤ አንብበው እንዴት እንዳገኙት በእጃቸው ጽፈው ይላኩልኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 22

ወንድሜ፣

ጤና ይስጥልኝ። ለመልሱ ስለዘገየሁ ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

አባባ ደህና ናቸው። መጽሐፉ ደርሷል፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውታል። በእጃቸው ባይጽፉልህ ቅር አይበልህ፣ ይኸው እኔ እየጻፍኩልህ ነው። ወደ መደብሩ አሁን አይመጡም። ብርዱ ነው። ክንዳቸው ትንሽ ተልጦ ነበር፣ እየዳነ ነው። እንዴት አትበለኝ።

ሥራው ጥሩ ነው፣ ሰው አለ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ።

እህትህ


ጥር 5

እትዬ፣

ደብዳቤሽ አጠረብኝ። አንቺ ስትሳደቢ ነው ደህና መሆንሽን የማውቀው። ምክንያቱን አሁን የደረስኩበት ይመስለኛል፤ ጓደኛዬ ደውሎ ነግሮኛል። አንድ ሽማግሌ ከጠረጴዛሽ መነጽር አድርገው ያለ ደረሰኝ ሲወጡ በር ላይ ተይዘው ነበር አሉ። «የራሴ ነው» ብለው ተከራክረዋል፤ እንዲህ ሲያዝ «የራሴ ነው» የማይል ማን አለ? ያየ ደንበኛ ደግሞ «ሽማግሌ አዋረዱ» ብሎ ለዋናው ቢሮ አቤት ብሏል። አንቺ ከዚያን ቀን ወዲህ ጓደኛዬን ሰላም እንደማትዪው ነግሮኛል።

ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ ከኮንትሮባንድ ደንበኞችሽ አንዱ ይሆናሉ። አዝኛለሁ፣ እውነቴን ነው። ግን እትዬ፣ ያለ ደረሰኝ መውጣት የእሳቸው ጥፋት ነው፣ ያለ ደረሰኝ መሥራት ደግሞ ያንቺ። ከመጀመሪያው የለመንኩሽ ይህንኑ አልነበረም?

ጓደኛዬ ለዋናው ቢሮ የሚያቀርበው አንድ ወረቀት ይፈልጋል፣ የባለ ጠረጴዛዋ ፊርማ ያለበት። እሱ ወረቀት መጻፍ አይሆንለትም፤ ስለዚህ እኔ ጻፍኩለት። «ደንበኛው ደረሰኝ የሌለው ዕቃ አድርገው ሲወጡ ፍተሻው በደንቡ መሠረት ተደርጓል፤ ጥፋቱ የሽማግሌው ነው» ይላል፣ ሌላ ነገር የለውም። ፈርሚበትና ውሉ ይታደስ። ለአንድ የማናውቃቸው ሽማግሌ ብለን የአባባን የዕድሜ ልክ ሙያ ሜዳ ላይ አንጥልም።

አባባን ሳሚልኝ። መጽሐፉን ወደዱት?

ወንድምሽ


ጥር 14

ወንድሜ፣

ሽማግሌው አባባ ናቸው።

ያልጻፍኩልህ ራሳቸው ስለከለከሉኝ ነው። «ከጓደኛው ጋር ይጣላል፣ ሥራው ይበላሽበታል፣ እንዳትነግሪው» አሉኝ። አንተ ግን «ጥፋቱ የሽማግሌው ነው» ብለህ በገዛ እጅህ ስትጽፍ ዝም ማለት አቃተኝ።

እንዳልከው እንደ ደንበኛ መጡ። ተሰልፈው ጨው ገዙ፣ የጨውን ደረሰኝ ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው «ልጄ፣ ብሎኗ ላላች» አሉኝ። አጠበቅኩላቸው። ያ በሃያ ዓይነት ብርሃን ፈትሸው ለራሳቸው የሠሩት ቡናማው መነጽር ነው፣ ታውቀዋለህ። አድርገውት ሄዱ፤ እኔም የሌላ ሰው መስታወት ማሽኑ ላይ ጫንኩ።

በር ላይ የነበረው ፈታሽ በዚያው ሳምንት የመጣ ነው፤ ጥበቃዎቹን ይቀያይሯቸዋል። መነጽሩን ከእጄ ተቀብለው ሲያደርጉ ከሩቅ አይቷል። መጀመሪያ «አባት፣ ደረሰኝዎን» አላቸው። የጨውን ሰጡት። «የመነጽሩን» አላቸው። «የራሴ ነው» አሉት። «ደረሰኝ ከሌለህ አውልቅ» አላቸው። ከ«አባት» ወደ «አንተ» ለማውረድ ጊዜ አልፈጀበትም። «እኔ ነኝ የሠራሁት» ሲሉት የተሰለፈው ሰው ሳቀ። ሳቀ፣ ወንድሜ! ይህን የነገረችኝ ገንዘብ ተቀባይዋ ናት፣ እያለቀሰች።

እኔ ጫጫታውን ሰምቻለሁ። ሌባ የያዙ መሰለኝ። በየቀኑ አንድ ይያዛል፤ ቀና ብዬ አላየሁም።

አባባ ራሳቸው አውልቀው ሰጡት። ያለ መነጽር መንገድ ተሻግረው፣ ግድግዳ እየዳበሱ፣ የቤታችን ደረጃ ላይ ወድቀው ነው የገቡት። እኔ መነጽሩን ያገኘሁት ከሥራ ስወጣ ነው፤ የተያዙ ዕቃዎች የሚጣሉበት ሣጥን ውስጥ፣ ከሻምፖና ከሕፃን ካልሲ ጋር። ይዤላቸው ሮጥኩ። አላደርገውም አሉ። «ደረሰኝ የለውም» አሉኝ። ቁጣ የለበትም፣ ቀልድም የለበትም። ስለ መነጽሩ እስከ ዛሬ ሌላ ቃል አላወጡም፤ በለመንኳቸው ቁጥር «ደረሰኝ የለውም» ነው። ሌላ ልሥራልዎት ብላቸው «አንቺ ለደንበኛሽ ሥሪ» ይሉኛል። ያለ መነጽር ምን እንደሚያዩ ታውቃለህ። ጋዜጣ ቀረ፣ መጽሐፍህም እንደታሰረ ነው፣ ሻይ ስሰጣቸው ብርጭቆውን በእጃቸው ፈልገው ነው የሚያገኙት።

ለፈገግተኛው አባቴ ናቸው ብዬ አልነገርኩትም። ብነግረው ይቅርታ ይጠይቃል። አባቴ ባይሆኑ ኖሮስ፣ ልክ ሊሆን ነው?

አሁን ወረቀቱን ይዞ ፊርማዬን ይጠብቃል። ካልፈረምኩ ውሉ አይታደስም፤ የድሮውን ሱቅ ደግሞ አንተ ለረጅም ዘመን ፈርመህ ለስልክ ሻጩ ሰጥተኸዋል። መላ አዋቂው አንተ ነህ። በል፣ መሞረጃውን ተሸክሜ የት ልሂድ? አባባንስ ምን ልበላቸው?

እህትህ


ጥር 25

እትዬ፣

ሰላምታ መጻፍ አፈርኩ። ደብዳቤሽን ቢሮ ውስጥ ነው የከፈትኩት፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሠራሁ አላስታውስም። ያን ወረቀት የጻፍኩበትን እጅ ምን ላድርገው? እኔ ነኝ እንደ ደንበኛ ይምጡ ያልኩት። እኔ ነኝ፣ እትዬ።

ለጓደኛዬ ነገርኩት። ደነገጠ። ባውቅ ኖሮ በሩን ራሴ ከፍቼ እሸኛቸው ነበር ብሎ ማለልኝ። ፈታሹን አባሮታል። አባባ ደረሰኝ የለውም ካሉ ደረሰኝ ይኑረው ብዬ ደግሞ ለመንኩት፤ እሺ አለ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማሽኑ የሚቀበለው መነጽር የተሰቀለውን ብቻ ስለሆነ በእሱ ስም ነው የወጣው፤ ሒሳቡን እኔ ከፍያለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌዋለሁ። ሞኝነት እንደሚመስል አውቃለሁ። ግን ምናልባት ሲያገኙት ያደርጉት ይሆናል። ሌላ መላ ጠፍቶብኝ ነው።

ስለ ፊርማው፣ ፈርሚ ለማለት አፌ አይደፍርም። አትፈርሚ እንዳልልሽ ደግሞ የምትገቢበት የለሽም። ቅርንጫፉ እንደተከፈተ ወዲያው እመጣለሁ። እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።

ወንድምሽ


የካቲት 9

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶናል። አባባ ማንበብ ስለማይችሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ላልፈው የፈለግኩት መስመር ነበር፤ «አትዝለዪ» አሉኝ።

ደረሰኙ ላይ ስንደርስ «ምን ይላል?» አሉ።

«ማንበቢያ መነጽር፣ አንድ» አልኳቸው።

«የማን ሥራ ነው ይላል?»

«አይልም።»

«ማን ከፈለው?»

«ልጅዎ።»

«መነጽሩን አምጪው» አሉኝ። በአንተ ሞኝነት ስስቅ የነበርኩት ሴትዮ እየሮጥኩ አመጣሁት። እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ፣ ደረሰኙንም ተቀበሉኝ። ደረሰኙን አሳንሰው አጥፈው ከመነጽሩ ጋር መያዣው ውስጥ ከተቱና ክዳኑን ገጠሙት። «አሁን የእነሱ ሆኗል፤ ስትሄጂ እዚያው ሳሙናው ጋ ስቀይላቸው» አሉኝ። አልሰቀልኩትም፣ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ለሳቸው ግን ሰቅዬዋለሁ ብያቸዋለሁ።

ፈታሹን እንዲያባርር ማን ጠየቀ? ያለ ደረሰኝ አታሳልፍ የተባለ ሰው ነው፤ የተባለውን አደረገ። ያባረረው ያው ያዘዘው ነው። ይህን ለጓደኛህ ንገረው፣ ወይም ተወው።

ፈርሜያለሁ። አንተ የጻፍካት ወረቀት ላይ፣ አንድ ቃል ሳልለውጥ። ፈርሚ ያሉኝም አባባ ናቸው። «እኔ የማየውን አይቻለሁ፤ አንቺ ሥራሽን ያዢ» አሉኝ። እምቢ ልላቸው ይገባኝ ነበር፤ አላልኩም። ጠዋት የምገባበት ቦታ እንዲኖረኝ ፈለግኩ፣ በቃ። ፈገግተኛው በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ጠረጴዛዬን ወደ ሳሙናው በኩል ሊያሰፋልኝ ነው። ሰዉ እንደ ጉድ ይመጣል፤ ኪራዩም አልከበደኝም። ለአዲሶቹ ተከራዮችህ ሥራው እንዴት እንደሚያዋጣ ስትነግራቸው እኔን እንደ ምሳሌ ጥቀሰኝ፤ ውሸት አይሆንብህም።

እመጣለሁ ብለሃል። ና፣ አልከለክልህም፤ አባባ በየቀኑ ስላንተ ይጠይቃሉ። ስትገባ ግን እንደ ዱሮው በሩ ላይ ቆመህ እስኪያዩህ አትጠብቅ። ከበሩ ጀምረህ እኔ ነኝ በላቸው። በመልክ አይለዩህም።

እህትህ